ጦርነቱና የፍልስጤም ሰላማዊ ሰዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኦክቶበር 2023 በእስራኤልና ጋዛን ሲያስተዳድር በነበረው ታጣቂ ቡድን በሐማስ መካከል ስለጀመረው የጋዛ ጦርነት ወሬ በተነሳ ቁጥር እየተመላለሱ የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ጋዛና ዌስት ባንክ አንድ ቦታ ናቸው?

አይደሉም። ሁለቱም የፍልስጤም ግዛት ይባላሉ እንጂ በመሀላቸው እስራኤል አለች። ጋዛ የሜዲትራኒያንን ባሕር ተደግፋ በደቡብ ከግብፅ ጋር የምትዋሰን ቀጭን መሬት ናት። ርዝመቷ 41 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ቢሾፍቱ ሳትደርሱ ታልቃለች። ወርዷ ከ6 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ነው። ጠቅላላ ስፋቷ 365 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከአዲስ አበባ ታንሳለች። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት እዚህች ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖር ነበር፤ ግማሽ ያህሉ ከ18 ዓመት በታች።

ዌስት ባንክ ከዮርዳኖስ ወንዝ በስተምዕራብ ያለው ሰፋ ያለው ክፍል ነው። ራማላ፣ ናብሉስ፣ ጄኒን፣ ኬብሮን፣ ቤተልሔም፣ ኢያሪኮ እዚያ ናቸው። 3 ሚሊዮን ገደማ ፍልስጤማውያን ይኖሩበታል። አንድ የጋዛ ልጅ ራማላ ያለችውን አክስቱን ሄዶ ለመጠየቅ የእስራኤል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ ደግሞ በአብዛኛው አይገኝም። በስልክ ብቻ የሚተዋወቁ የአጎት ልጆች ሞልተዋል።

እነዚህ እኮ በመጽሐፍ ቅዱስ ያሉት ፍልስጥኤማውያን ናቸው፣ የጎልያድ ዘሮች። አይደለም እንዴ?

አይደለም። ስሙ ነው ያሳሳተን። የጥንቶቹ ፍልስጥኤማውያን ጋዛን፣ አስቀሎናን፣ አዛጦንን፣ ጌትንና አቃሮንን ይዘው የኖሩ ሕዝብ ነበሩ። ባቢሎናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከተሞቻቸውን ካጠፉ በኋላ እንደ ሕዝብ ከታሪክ ጠፉ። ስማቸው ግን ቀረ። ሮማውያን በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የአይሁድን አመፅ ከደመሰሱ በኋላ አገሩን «ሶርያ ፓለስቲና» አሉት፤ የዛሬው ስም የመጣው በዚያ በኩል ነው። የዛሬዎቹ ፍልስጤማውያን ዐረብኛ ተናጋሪ ሕዝብ ናቸው፤ ቋንቋና ሃይማኖት በየዘመኑ ሲለዋወጥ እዚያው የኖሩ፣ ከየአቅጣጫውም የመጣ ሰው የተቀላቀላቸው።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ማያያዝ ካማራችሁ ለእኛ የሚቀርብ ሌላ ታሪክ አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢሳይያስን እያነበበ በሠረገላው ሲሄድ ፊልጶስ ያገኘው ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ፍልስጤማውያን ሁሉም ሙስሊም ናቸው?

አብዛኞቹ ናቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ቤተልሔም፣ ቤት ጃላና ቤት ሳሁር ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የኖሩ ክርስቲያኖች አሉ። ለልደት ቤተልሔም የተሳለመ የእኛ ምእመን የእንጨት መስቀል የገዛው ምናልባት ከአንዱ ፍልስጤማዊ ክርስቲያን ሱቅ ነው። ጋዛ ውስጥም ከጦርነቱ በፊት 1,000 ገደማ ክርስቲያኖች ነበሩ። ኦክቶበር 19 ቀን 2023 በጋዛ ከተማ የሚገኘው ጥንታዊው የቅዱስ ጶርፊርዮስ ግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በእስራኤል የአየር ጥቃት ተመትቶ እዚያ ከተጠለሉት ውስጥ ከ15 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ጁላይ 2025 ደግሞ የካቶሊኩ ቅዱስ ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን ተመትቶ 3 ሰዎች ሞቱ።

በገዛ አገራቸው እየኖሩ ለምን «ስደተኛ» ይባላሉ?

ምክንያቱም ከጋዛ ነዋሪ ውስጥ 70 ከመቶ የሚሆነው የመጣው ዛሬ እስራኤል ከሆኑት ከተሞችና መንደሮች ነው፤ ወይም የመጡት ሰዎች ልጅና የልጅ ልጅ ነው። በ1948 እስራኤል ስትመሠረት በነበረው ጦርነት ከ700 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያን ሸሹ ወይም ተባረሩ። እነሱ ያንን ጊዜ «ናክባ» ይሉታል፤ መዓት፣ ጥፋት እንደማለት ነው። ወደ 200 ሺህ የሚሆኑት ጋዛ ገቡ። ለጥቂት ሳምንት ነው ብለው በራቸውን ቆልፈው የወጡ ነበሩ። ቁልፉን ዛሬም ግድግዳ ላይ ሰቅለው የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ። በሩ የለም፣ ቤቱ የለም፣ አንዳንዱ መንደርም የለም፤ ቁልፉ ግን አለ።

ጃባሊያ፣ ሻቲ፣ ኑሴራት፣ ቡሬጅ፣ ማጋዚ ሲባል የምትሰሟቸው ስሞች ያኔ ድንኳን የተተከለባቸው ካምፖች ናቸው። ድንኳኑ ብሎኬት ሆነ፣ ብሎኬቱ ፎቅ ሆነ፣ «ካምፕ» የሚለው ስም ግን ሳይነሳ ቀረ። በዚህ ጦርነት ፎቁ ፈርሶ ሰው እንደገና ድንኳን ገባ። አንዳንድ አዛውንት ድንኳንን በልጅነታቸውም በእርጅናቸውም አይተዋል።

እስካሁን ስንት ሰው ሞተ? ቁጥሩንስ ማን ነው የሚቆጥረው?

በኦክቶበር 2025 ተኩሱ ሲቆም የጋዛ ጤና ሚኒስቴር የመዘገበው ከ67,000 በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከ18,000 በላይ የሚሆኑት ሕፃናትና ልጆች ናቸው። ከተኩስ አቁሙ በኋላም ከፍርስራሽ ሬሳ እየወጣና አዳዲስ ጥቃቶችም እየተፈጸሙ ቁጥሩ በዚያው ዓመት ከ70,000 አለፈ።

«ሚኒስቴሩ እኮ የሐማስ ነው» የሚለው ክርክር ትክክለኛ ነገር ይዟል፤ ጋዛን የሚያስተዳድረው ሐማስ ነበር። ግን አቆጣጠሩን ተመልከቱት። አስከሬን ሆስፒታል ሲደርስ ስሙ፣ ዕድሜውና የመታወቂያ ቁጥሩ ይመዘገባል። ሆስፒታል ሳይደርስ የተቀበረ ከሆነ ቤተሰቡ በኢንተርኔት ፎርም ይሞላል፣ ከዚያ ይጣራል። የመታወቂያ ቁጥሩ ደግሞ ከየትም የመጣ አይደለም፤ የፍልስጤማውያን የሕዝብ መዝገብ ላይ የመጨረሻው ፈቃጅ እስራኤል ናት። ስለዚህ ስም ዝርዝሩን ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያመሳክረው ይችላል፤ የተሳሳቱ ስሞች ተገኝተው የተሰረዙበት ጊዜም አለ። በቀደሙት ጦርነቶች የሚኒስቴሩ ቁጥርና የተባበሩት መንግሥታት ኋላ ያጣራው ቁጥር ብዙም አልተራራቁም።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ዝርዝሩ ተዋጊውን ከሰላማዊው አይለይም፤ የእስራኤል ጦር በ2025 መጀመሪያ 20,000 ገደማ ታጣቂዎች ገድያለሁ ብሏል፣ ያንንም ከራሱ ከጦሩ ውጪ ያጣራ የለም። በሌላ በኩል ፍርስራሽ ሥር የቀሩትና መድኃኒት አጥተው የሞቱት የስኳርና የኩላሊት ሕመምተኞች ቁጥሩ ውስጥ የሉም። በ2025 መጀመሪያ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እስከ ጁን 2024 ድረስ በጥቃት ብቻ የሞቱት 64,260 ገደማ ይሆናሉ ብሎ ገምቷል፤ በጊዜው ከተመዘገበው ብዙ ይበልጣል።

ኦክቶበር 7ን ለምን አታነሱም?

እናነሳለን። ኦክቶበር 7 ቀን 2023፣ በኛ መስከረም 26 ቀን 2016፣ ሐማስና ሌሎች ታጣቂዎች የጋዛን አጥር ጥሰው እስራኤል ገብተው 1,200 ገደማ ሰው ገደሉ፤ አብዛኞቹ ሰላማዊ ሰዎች ነበሩ። 251 ሰዎችን አግተው ወሰዱ። ቤቱ ውስጥ ልጆቹን ይዞ የተደበቀ አባት፣ ጭፈራ ላይ የነበረ ወጣት፣ ለሥራ የመጣ ታይላንዳዊ ገበሬ። ይህ በየትኛውም ሕግ ወንጀል ነው።

አንዱን ወንጀል ማንሳት ሌላውን መሸፈን አይሆንም። ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ «እነሱ ጀመሩት፣ ይቻሉት» ዓይነት። «እነሱ» ማን ነው? በዚያ ቀን የአራት ዓመት ልጅ የነበረችው ናት? እዚህ ላይ አልስማማም።

ጦርነት ካለ ለምን አይሸሹም?

ሸሽተዋል። እንዲያውም ከመሸሽ በቀር ሥራ አልነበራቸውም። ኦክቶበር 13 ቀን 2023 የእስራኤል ጦር በሰሜን ጋዛ ያለውን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በ24 ሰዓት ውስጥ ከዋዲ ጋዛ በስተደቡብ ውጡ አለ። ሆስፒታል ውስጥ የተኛው ጭምር። ወጡ። ከዚያ ካን ዩኒስ ተባለ፣ ቀጥሎ ራፋህ፣ ራፋህም በሜይ 2024 ጦር ሲገባባት አል ማዋሲ የሚባለው የባሕር ዳርቻ አሸዋ። ከአሥር ሰው ዘጠኙ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተፈናቅሏል፤ አሥር ጊዜ የተፈናቀለም አለ። በየጊዜው አንድ ነገር ይቀራል። መጀመሪያ ፍሪጅ፣ ቀጥሎ ፍራሽ፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት፣ መጨረሻ ላይ መራመድ የማይችሉት አያት። «ደህና ቦታ» የተባለው ሠፈርም ተመትቷል።

ከጋዛ ውጪ መሸሽ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በእስራኤል በኩል ያለው ዝግ ነው፣ ባሕሩ ዝግ ነው፣ የቀረው የግብፁ የራፋህ በር ነበር። በእሱም ያለ ሕክምና ፈቃድ ወይም የውጭ ፓስፖርት ለመውጣት በመጀመሪያዎቹ ወራት ለአንድ አዋቂ 5,000 ዶላር ገደማ ይከፈል ነበር። እሱም በሜይ 2024 ተዘጋ። ከዚህ ሌላ የ1948 ትዝታ አለ፤ ያኔ የወጣ አልተመለሰም። ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ዶናልድ ትራምፕ የጋዛ ሰዎች ወደ ሌላ አገር ይሂዱ፣ ቦታውን እኛ እናልማው ሲሉ ብዙ ፍልስጤማዊ የሰማው ያንኑ የ1948ቱን ዜና ነው። ግብፅና ዮርዳኖስም አንቀበልም ያሉት ለዚሁ ነው፣ ከራሳቸው የፖለቲካ ስጋት ጋር።

ረሃብ አለ ሲባል ነበር፤ እርዳታ የጫኑ መኪኖችም ይታዩ ነበር። የቱ ነው እውነቱ?

ሁለቱም። መኪና ድንበር ላይ መቆሙና ዱቄት ድስት ውስጥ መግባቱ የተለያየ ነገር ነው። ማርች 2 ቀን 2025 እስራኤል ማንኛውም እርዳታ እንዳይገባ ከለከለች፤ ክልከላው 11 ሳምንት ገደማ ቆየ። ምክንያቷ ሐማስ እርዳታውን ይዘርፋል የሚል ነበር። በሜይ መጨረሻ በአሜሪካና በእስራኤል የሚደገፍ አዲስ የእርዳታ ድርጅት ማደል ሲጀምር በመላው ጋዛ የነበሩት 400 ገደማ ማከፋፈያዎች ወደ አራት ወረዱ። ሰው በሌሊት ተነስቶ ኪሎ ሜትሮችን በእግሩ ሄዶ፣ ወታደር ባለበት አካባቢ፣ ቀድሞ የደረሰ የሚያገኝበት አሠራር ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ እስከ ጁላይ 2025 ባለው ጊዜ ብቻ ምግብ ሊያመጡ ወጥተው የተገደሉትን ከ1,000 በላይ ብሎ መዝግቧል። እስራኤል ማስጠንቀቂያ ነው የተኮስነው፣ ቁጥሩም ተጋኗል አለች።

ኦገስት 22 ቀን 2025 የምግብ ዋስትና ደረጃ የሚመድበው ዓለም አቀፍ አካል (አይፒሲ) በጋዛ ከተማና አካባቢዋ ረሃብ መኖሩን በይፋ አረጋገጠ። «ረሃብ» የሚለው ቃል እንዲሁ አይሰጥም። ከአምስት ቤተሰብ አንዱ ምንም የሚበላ ያጣ፣ የልጆች የምግብ እጥረት ከተወሰነ መጠን ያለፈ፣ በቀን ከ10,000 ሰው ሁለት የሚሞት መሆን አለበት። እስራኤል ሪፖርቱን ሐሰት ነው ብላ አልተቀበለችውም። በኛ አቆጣጠር ከ66ቱ የወሎ ረሃብ በኋላ የመጣን ሰዎች ቃሉን የመጥራትና ያለመጥራት ጣጣ አይጠፋንም። ከተኩስ አቁሙ በኋላ የሚገባው ምግብ ስለጨመረ በዲሴምበር ይኸው አካል ረሃቡ አሁን የለም፣ ችግሩ ግን ገና ከባድ ነው ብሏል።

ከሞት የተረፈው ሰው ውሎው ምን ይመስላል?

ውሃ በመሰለፍ ይጀምራል። ቢጫ ጄሪካን የያዙ ልጆች፣ ከጄሪካኑ ብዙም የማይበልጡ፣ ቦቴ መኪና እስኪመጣ ይሰለፋሉ። እናት ጡብና ጭቃ አቆልላ በሠራችው ምድጃ ዳቦ ትጋግራለች፤ እንጨት ሲጠፋ ካርቶን፣ ፕላስቲክ፣ የተቀደደ ጫማ ይነዳል። ጭሱ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል። አሸዋው ሊጡ ውስጥ ይገባል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ዝናቡ ከታችም ከላይም ነው። ስልክ ቻርጅ የሚደረገው ሶላር ያለው ሰው ጋ ተከፍሎ ነው።

ትምህርት ሁለት ዓመት ሙሉ ተቋረጠ፤ ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎች። በ2024 «ተውጂሂ» የሚባለውን፣ እንደኛ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ያለውን ፈተና 39,000 ገደማ የጋዛ ተማሪዎች ሳይቀመጡ ቀሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው 42,000 ገደማ ሰዎች ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ከአራቱ አንዱ ሕፃን ነው፤ እጅ ወይም እግራቸው የተቆረጠው ከ5,000 በላይ ናቸው። የሆስፒታል ሠራተኞች አንድ የራሳቸው አጠራር አውጥተዋል፦ «የቆሰለ ሕፃን፣ የተረፈ ቤተሰብ የሌለው»። ካርዱ ላይ በምሕጻረ ቃል ይጽፉታል። በጦርነቱ የመጀመሪያ ሳምንታት ወላጆች የልጆቻቸውን ስም በእስክሪቢቶ ክንዳቸውና እግራቸው ላይ ይጽፉ ነበር፤ ለምን እንደሆነ መግለጽ አያስፈልገኝም።

ኦገስት 2024 ላይ ከ25 ዓመት በኋላ ፖሊዮ ተገኘ፣ የ10 ወር ሕፃን ላይ። ያኔ ለክትባቱ ሲባል በየአካባቢው ለሰዓታት ውጊያው እንዲቆም ተስማሙና በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጆች ጠብታውን ወሰዱ። ሲፈለግ ማቆም ይቻል ነበር ማለት ነው።

ዌስት ባንክ ውስጥ ሐማስ አይገዛም። እዚያስ ምን ነካቸው?

እዚያ ጉዳቱ በቀን በቀን፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚመጣው፤ ለዚህ ይሆናል ዜና የማይሆነው። ከኦክቶበር 2023 ወዲህ በሁለት ዓመት ውስጥ በወታደርና በሰፋሪ (ዌስት ባንክ ውስጥ በተሠሩ ሰፈራዎች በሚኖሩ እስራኤላውያን) እጅ 1,000 ገደማ ፍልስጤማውያን ተገድለዋል። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የእስራኤል ጦር ጄኒን፣ ቱልካሬምና ኑር ሻምስ ካምፖች ገብቶ ከ30,000 በላይ ሰው አፈናቀለ። ከ800 በላይ ኬላ፣ የብረት በርና የአፈር ክምር መንገዱን ይዞታል። ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ወይም ወታደሩ በሩን ቆልፎ ሄዷል፣ በቃ ትመለሳላችሁ። ምጥ የያዛት ሴት አስቡ።

ሌላው የወይራ ለቀማው ነው። ኦክቶበር ለእነሱ የመኸር ወር ነው፤ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ዛፉ ሥር ሸራ ዘርግተው የሚውሉበት፣ ሻይ የሚፈላበት። በኦክቶበር 2025 የተባበሩት መንግሥታት ከ260 በላይ የሰፋሪ ጥቃቶችን መዝግቧል፤ መመዝገብ ከጀመረበት ከ2006 ወዲህ በአንድ ወር ይህን ያህል አልታየም። ዛፍ ይቆረጣል፣ መኪና ይቃጠላል፣ ለቃሚው ይደበደባል። የሚከሰስ ጥቂት ነው።

ኪስም ተመቷል። ከጦርነቱ በፊት ከ100,000 በላይ የዌስት ባንክ ሰዎች እስራኤልና ሰፈራዎቹ ውስጥ፣ አብዛኛው ግንባታ ላይ፣ ይሠሩ ነበር። ፈቃዳቸው በአንድ ቀን ታገደ። ዌስት ባንክን በከፊል የሚያስተዳድረው የፍልስጤም አስተዳደር ደግሞ የገቢውን ትልቁን ድርሻ የሚያገኘው እስራኤል በስሙ ከምትሰበስበው ቀረጥ ነው፤ እስራኤል ስትይዘው የአስተማሪው ደሞዝ ግማሽ ይሆናል ወይም ይቀራል። ጥይት ያልነካው ቤተሰብም በዚህ በኩል ይነካል።

ሐማስን የመረጡት እነሱ ራሳቸው አይደሉም?

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ምርጫው የተካሄደው በጃንዋሪ 2006 ነው። ሐማስ በዝርዝር ድምፅ 44 ከመቶ አገኘ፤ በምርጫ ሥርዓቱና በተፎካካሪው ፓርቲ በፋታህ መከፋፈል ምክንያት ግን ከ132 ወንበር 74ቱን ወሰደ። ያኔ ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላት ነበረበት፤ ማለትም ከ1988 መጀመሪያ በኋላ የተወለደ ሁሉ አልመረጠም። ጋዛ ውስጥ ግማሹ ሕዝብ ሕፃን ነው ብለናል። በዚያ ላይ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ያሉትን ስትጨምሩ ትልቁ ብዛት ለሐማስም ለማንም ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም።

በ2007 ሐማስ ፋታህን በጦር አስወጥቶ ጋዛን ያዘ፤ እስራኤልና ግብፅ እገዳውን አጠበቁት። ከዚያ ወዲህ የፓርላማ ምርጫ የለም። ዌስት ባንክም ያው ነው፤ የፍልስጤም አስተዳደር ፕሬዚዳንቱ ማሕሙድ አባስ በ2005 ለአራት ዓመት ተመረጡ፣ እስካሁን አሉ። በ2021 ምርጫ ሊደረግ ቀን ተቆርጦ ነበር፤ አባስ ምሥራቅ ኢየሩሳሌም ውስጥ ድምፅ መስጠት ካልተፈቀደ ብለው አራዘሙት። የተመዘገበው መራጭ ቀረ። ጋዛ ውስጥ ሐማስን በአደባባይ የተቃወሙም ነበሩ፤ በማርች 2025 ቤት ላሂያ ውስጥ ሰልፍ ወጥተዋል። ከላይ ቦምብ፣ ከጎን ታጣቂ እያለ ሰልፍ መውጣት ቀላል አይደለም።

ኡንርዋ ምንድን ነው? ሽብርተኛ ቀጥሯል ሲባል ሰምቻለሁ።

በ1950 ሥራ የጀመረ የተባበሩት መንግሥታት የፍልስጤም ስደተኞች ድርጅት ነው። ጋዛ ውስጥ 13,000 ገደማ ሠራተኛ ነበረው፤ ወደ 300,000 ተማሪ ያስተምር ነበር። ክሊኒክ፣ ዱቄት፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ ሁሉንም። በጃንዋሪ 2024 እስራኤል ሠራተኞቹ ኦክቶበር 7 ላይ ተሳትፈዋል አለች፤ የተባበሩት መንግሥታት የውስጥ ምርመራ 19 ሰዎችን አይቶ ዘጠኙ ተሳትፈው ሊሆን ይችላል ብሎ ተባረሩ። አሜሪካ ገንዘቧን አቆመች፤ የእስራኤል ፓርላማ በኦክቶበር 2024 ድርጅቱን የሚያግድ ሕግ አወጣ። በሌላ በኩል ከ300 በላይ የኡንርዋ ሠራተኞች በጦርነቱ ተገድለዋል። ዘጠኝ ሰው አጥፍቶ ሊሆን ይችላል ተብሎ ለሌላው 13,000 ሠራተኛና ለ300,000 ተማሪ የሚደርሰው ቅጣት ፍትሐዊ ነው አይደለም፣ ፍርዱን ለእናንተ ልተወው፤ የእኔ ግን የታወቀ ይመስለኛል።

ዘር ማጥፋት ነው? ፍርድ ቤቱ ምን አለ?

የመጨረሻ ፍርድ አልተሰጠም። ደቡብ አፍሪካ በዲሴምበር 2023 ዘ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት እስራኤልን ከሰሰች። ጃንዋሪ 26 ቀን 2024 ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ፤ በዘር ማጥፋት ስምምነቱ የሚከለከሉ ድርጊቶችን እንድትከላከልና እርዳታ እንድታስገባ። ዋናው ክርክር ዓመታት ይወስዳል፤ ቦስኒያ በ1993 የከሰሰችው ጉዳይ የተፈረደው በ2007 ነው። በሴፕቴምበር 2025 የተባበሩት መንግሥታት ያቋቋመው ገለልተኛ አጣሪ ኮሚሽን ዘር ማጥፋት ተፈጽሟል ሲል ደመደመ፤ እስራኤል ውሸት ነው አለች። ኮሚሽኑ ፍርድ ቤት አይደለም።

እዚያው ሄግ ያለው ሌላው፣ የወንጀል ፍርድ ቤቱ፣ ሰዎችን ነው የሚከሰው። በኖቬምበር 2024 በቤንያሚን ኔታንያሁ፣ በቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ዮአቭ ጋላንትና በሐማሱ አዛዥ መሐመድ ዴይፍ ላይ የእስር ማዘዣ አወጣ። ዴይፍ መሞቱ ሲረጋገጥ የእሱ ተዘጋ። ሁለቱን ፍርድ ቤቶች እያምታታችሁ አትከራከሩ፤ አንዱ አገርን፣ ሌላው ግለሰብን ነው።

ስንት አገር እውቅና ሰጠ፤ ታዲያ ምን ተለወጠ?

በሴፕቴምበር 2025 እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ፖርቱጋልና ፈረንሳይ ሲጨመሩ ከ193ቱ የተባበሩት መንግሥታት አባላት 157 ያህሉ ለፍልስጤም እውቅና ሰጥተዋል። ኒው ዮርክ ላይ ሲጨበጨብ፣ በዚያው ሳምንት፣ ጋዛ ከተማ ላይ አዲስ የምድር ጥቃት ተጀምሮ ሕዝቡ በአል ረሺድ የባሕር ዳር መንገድ ፍራሽና ብርድ ልብስ መኪና ጣሪያ ላይ ቆልሎ ወደ ደቡብ እየተጓዘ ነበር። እውቅናው ለፍርድ ቤትና ለድርድር ይጠቅማል፤ ወይራ ለቃሚዋን ግን በኬላው አላሳለፋትም።

ኢትዮጵያ የት ናት?

መሀል። ኢትዮጵያ ለፍልስጤም እውቅና የሰጠችውና በ1973 ያቋረጠችውን የእስራኤል ግንኙነት የቀጠለችው በዚያው በ1989 ነው። ኦክቶበር 27 ቀን 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሰብአዊ የተኩስ ማቆም ሲጠይቅ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። አዲስ አበባ ግን የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በመሆኗ ጉዳዩ ቤታችን ድረስ ይመጣል። በፌብሩዋሪ 2023 አንዲት የእስራኤል ዲፕሎማት ከመሪዎች ጉባኤ አዳራሽ በጠባቂ ወጡ፤ በዓመቱ የብራዚሉ ፕሬዚዳንት ሉላ አዲስ አበባ ላይ የጋዛውን ከሆሎኮስት ጋር አነጻጽረው እስራኤል አገሬ አትድረሱ አለቻቸው።

በሌላ በኩል ከ160,000 በላይ የእኛ ዘሮች እስራኤል ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው ለዚህ ጦርነት ተጠርተው ሞተዋል። አንድ ኢትዮጵያ የተወለደ ወጣት በ2014 አጥሩን አልፎ ጋዛ ገብቶ ከአሥር ዓመት በላይ ተይዞ በፌብሩዋሪ 2025 ነው የተለቀቀው። ቤተሰቦቹ ጤናው የታወከ ነው እያሉ ሲጮሁ ሰሚ ያጡበትን ዘመን የአሽቀሎን ዘመዶቻችን ይነግሯችኋል።

ተኩስ አቁም ተደርጓል። ጋዛን ማን ነው የሚያስተዳድራት?

ተኩስ አቁሙ ኦክቶበር 10 ቀን 2025 ጀመረ፤ በሕይወት የነበሩት 20 ታጋቾች ተለቀቁ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ፍልስጤማውያን እስረኞችም። ኖቬምበር 17 ላይ የፀጥታው ምክር ቤት በ13 ድጋፍ፣ ሩሲያና ቻይና ተአቅቦ አድርገው፣ ውሳኔ ቁጥር 2803ን አሳለፈ። በዚህ መሠረት ትራምፕ የሚመሩት «የሰላም ቦርድ» እስከ 2027 መጨረሻ የሽግግሩን ሥራ ይቆጣጠራል፤ ዓለም አቀፍ ጦር ይገባል፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ፖለቲከኛ ያልሆኑ ፍልስጤማውያን ባለሙያዎች ይሠራሉ። ሐማስ ትጥቅ ይፍታ ይላል፤ ትልቁ ክር የሚጎተተው እዚህ ላይ ነው። ለመልሶ ግንባታው የተገመተው 70 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ከዚያ በፊት ከ50 ሚሊዮን ቶን በላይ ፍርስራሽ መነሳት አለበት፣ ያልፈነዳ ቦምብ ያለበት፣ ሬሳ ያለበት።

የእስራኤል ጦር በስምምነቱ «ቢጫ መስመር» ወደተባለው አፈገፈገ፤ ያም ከጋዛ ከግማሽ በላዩን በእጁ ያስቀረዋል። መስመሩ ላይ ቢጫ የተቀቡ የኮንክሪት ብሎኮች ተተክለዋል። በየቦታው ስላልተተከለ የት ጋ እንደሚያልፍ ነዋሪው በግምት ነው የሚሄደው፤ ተሳስተው ተጠግተው የተገደሉ አሉ። ከመስመሩ ወዲያ ቤት ያለው ሰው ቤቱ መቆሙን ለማወቅ የሳተላይት ፎቶ ስልኩ ላይ እያሰፋ ይፈልጋል። ጣሪያውን ካገኘ ለጎረቤቶቹ ያሳያል።